የሐሙስ ውሃ

ሐሙስ ቺሲ ነው፤ መሬት የምታርፍበት ቀን። በሳቬ ሸለቆ በቺሲ ዶማ ያነሳ ሰው ዝናብ እንደሚያስቀር ሕፃን እንኳ ያውቃል። የመንግሥቱ የመስኖ ሹም ሚስተር ሙኮንዮ ግን የታችኛውን ሰፈር የውሃ ተራ ሐሙስ ላይ ጣለው። እሱን ምን ቸገረው!

ሐሙስ ማንም እርሻው አልወረደም፤ ውሃው ዝም ብሎ ፈሶ ተመልሶ ወንዝ ገባ። አርብ ጠዋት ሴኬሳይ ቢሮው ደጃፍ ቆመች። ሰፈሩ ሁሉ ምቡያ፣ አያታችን፣ ነው የሚላት። ቦሎቄዋ አበባ ላይ ነው፤ እስከ ነገ ውሃ ካላገኘ ይረግፋል፣ ከዚያ ዓመቱን ጦም ማደር ነው።

«ተራችሁ ትናንት አለፈ፣ ምቡያ። የሚመጣው ሐሙስ ይምጡ።»

«የአንተ እናት ሐሙስ ትቆፍራለች፣ ልጄ?»

«እናቴን ይተዉልኝ! የቦዩን የብረት በር ቆልፌዋለሁ። ቁልፉን የነካ የመሬት ፈቃዱን ይነጠቃል።»

ሴኬሳይ ደሟ ፈላ። ቦዩን በመጀመሪያ የቆፈሩት አማቷና ባሏ ናቸው፤ መንግሥት ኋላ መጥቶ አጠገቡ የሲሚንቶ ቦይ ሠራና «ውሃው የእኔ ነው» አለ። አሮጌው ቦይ ግን ከብረቱ በር በስተግራ፣ ደለል ሞልቶት፣ ሣር ለብሶ ዛሬም አለ።

«እሺ፤ ቁልፍህን አልነካም» ብላ ሄደች።

በየቤቱ ዞረች። «ደቦ ውጡ! ጠላው ከመከር በኋላ ነው!»

«ያልተጠመቀ ጠላ ጠጥቼ ስቆፍር የመጀመሪያዬ ነው» አለ ሽማግሌው ቺዶዶ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ እየጣለ።

አርባ ሰው ወጥቶ የአሮጌውን ቦይ ደለል ጠረገ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ውሃው የተቆለፈውን በር በጎን አልፎ ወደ ታች ወረደ። ሙኮንዮ በሞተር ብስክሌት እየበረረ ደረሰ።

«ማነው የቆፈረው?»

ሴኬሳይ ፈራች፤ ካለዚያች መሬት ምንም የላትም። «እኔ ነኝ» አለች ግን።

«እኔም ነኝ» አለ ቺዶዶ። ከዚያ አርባውም።

«የሁላችሁንም ፈቃድ እነጥቃለሁ!»

«ንጠቀና! ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ብቻህን ትቆፍራለህ» አለው ቺዶዶ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙኮንዮ ወደ በሩ ሄዶ ቁልፉን አገላብጦ አየው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ከበሩ በታች የሲሚንቶው ቦይ ባዶውን ደርቋል።

ሴኬሳይ ቦሎቄዋ መሃል ቆማለች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።

«ቁልፍህን ማንም አልነካብህም፣ ልጄ» አለችው። «ያው እንዳይጠፋብህ አጥብቀህ ያዘው።»