ምሰሶ የቆመበት ሰርቪስ

ራምዚ በአባቱ ጋራዥ የተማሪ ሰርቪስ አውቶቡስ ይሠራል እንጂ ታሪክ ሲያወራ አላደገም። ነገ ግን ቡታጅራ ላይ የጋራዡ አዲሱ የመሥሪያ ሼድ ሲመረቅ፣ ማይክ ጨብጦ «ሥራችን እንዲህ ተጀመረ» ማለት ያለበት እሱ ነው። እንዴት እንደተጀመረ ደግሞ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ወሬ እሱ ዘንድ አልደረሰም።

አባቱን ሰይዶን ጠየቃቸው። «የመጀመሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምን ፈለግህ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ታመው አልጋ ከያዙ ከርመዋል፤ ለምረቃው ግን ተደግፌም ቢሆን እመጣለሁ ብለዋል።

የሟቹ የዱባለ ባለቤት እትዬ ዘርፈሽዋል ሌላ ታሪክ ነገሩት። ዱባለ ስሙ የተጠራ ቤት ሠሪ ነበር። ከበያጁ ከሰይዶ ጋር ጋራዡን አብረው ከፍተው ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ፤ በምን እንደተጣሉ በሁለቱም ቤት አይነሳም። «የመጀመሪያው የእኔ ባል ሥራ ነው» አሉ። «ነገ ስሙ ካልተጠራ እግሬን አላነሳም።»

ራምዚ ግራ ገባው። አባቱን ቢያምን የሟቹን ሚስት ሊያስለቅስ ነው፤ እሳቸውን ቢያምን የታመመ አባቱን በሰው ፊት ውሸታም ሊያደርግ ነው። የጋራዡ ቀለም ቀቢ ሸረፋ ደግሞ ሥራው የተጀመረው ወልቂጤ ነው ብሎ ማለ፤ ወዲያው መለስ ብሎ «የመጀመሪያው ሰርቪስ እኮ ቡኢ ቆሟል፤ ሳር ይከምሩበታል» አለው። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ሸረፋን የጠየቀው የለም፤ ቢጠይቁትም ይምላል።

ራምዚ ቡኢ ሄደ። ከአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ የዛገውን ሰርቪስ አገኘና ሳሩን ገፋ አድርጎ ገባ። መሃል መተላለፊያው ላይ ወፍራም የጥድ ምሰሶ ቆሟል! የጣሪያው ብረቶች ሁሉ ከምሰሶው ጫፍ ተነስተው ወደ ዳር ይወርዳሉ፤ ልክ እንደ አገራቸው ክብ የሳር ቤት። እስኪያለቅስ ሳቀ። ደስም አለው። ምሰሶ የሚያቆም ቤት ሠሪ እንጂ በያጅ አይደለም፤ እንግዲህ የመጀመሪያው የዱባለ ነው ማለት ነው።

በቀጥታ እትዬ ዘርፈሽዋል ቤት ሄደ። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ምሰሶውን አየሁት፤ ጋሽ ዱባለ ነው የሠራው።»

«ዱባለ? መኪና ውስጥ ምሰሶ?» እትዬ ዘርፈሽዋል ብድግ አሉ። «ባሌን ቂል ልታደርገው ነው የመጣኸው?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የመጀመሪያው የእሱ ነው ያሉኝ?»

«እኔ ያልኩህ ልጅ የተሳፈረበትን የመጀመሪያውን ነው፤ እሱ የተሠራው በዱባለ ሐሳብ ነው! ያንን የሳር ጎተራ የሠራው አባትህ ነው። ዱባለ ‹ልጆቹ በየት ያልፋሉ?› ቢለው፣ ‹ምሰሶ የሌለው ቤት አይቆምም ያልከኝ አንተ አይደለህ?› ብሎ አባትህ ከጋራዡ አባረረው። ከዚያ ወዲህ በሠራችሁት ምሰሶ አለ? ንገረኛ!»

የለም። ራምዚ ሲመጣ ከነበረው ይበልጥ ተደናግሮ ወጣ። አባቱ ሰው ካባረሩ በኋላ የሰውየውን ሐሳብ ሰርቀው ሀብታም ሆኑ ማለት ነው? ይህን ነው በማይክ የሚያወራው?

ቤት ሲደርስ ሰይዶ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዘርፈሽዋል ትመጣለች?»

«እንጃ አባ። ምሰሶውን አየሁት።»

ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። አልተቆጡም።

«አልነቀሉትም?»

«አልነቀሉትም።»

«እኔም በማግስቱ ልነቅለው ነበር» አሉ። «ዱባለ አሸነፍኩት እንዳይል ተውኩት። ከዚያ በኋላ ግን ወላሂ፣ አንዱንም ሳላስቀር እሱ እንዳለኝ ሠራሁ። ሰርቪሶቹን መንገድ ላይ ያያቸውና ገብቶት ይመጣል ብዬ።»

ራምዚ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሳይመጣ ሞተ» አሉ ሰይዶ፣ እግራቸውን ከአልጋው እያወረዱ። «ደግፈኝ እስቲ። እሷ ጋ እኔ ልሂድ።»