ነጩ ክር

ሥራው የእህትና የወንድም ነበር። እሱ ሶፋና ምንጣፍ ያጥባል፤ እሷ ስልክ ታነሳለች። ስልክ ማንሳት ማለት ደግሞ ስድብ መቀበል ማለት ነው። «ሶፋዬ ጸዳልኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የሚደውል ሰው እስካሁን አልተወለደም። የሚደውለው «ሸተተብኝ»፣ «ተጨማደደብኝ»፣ «ምን አድርጋችሁ ነው የሰጣችሁኝ?» የሚል ብቻ ነው። እታለም ግን ሁሉንም በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «እመጣለሁ፣ ክሩን አያለሁ።»

ክሩ የራሷ ፈጠራ ነው። ሳሙናው እጇን አቁስሎ ከእጥበቱ ሳያስወጣት በፊት፣ ማንኛውንም ሶፋ ከማጠቧ አስቀድማ ከጀርባው በታች፣ ዓይን በማያየው ጥግ፣ የሳሙና ውሃ ጠብታ ትሞክር ነበር። በነጭ ጨርቅ ታሸዋለች፤ እስኪደርቅም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቀለሙ ከለቀቀ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ካልለቀቀ እዚያው ቦታ ላይ በመርፌ ነጭ ክር ትቋጥራለች። ክር ያለበት ሶፋ ተሞክሯል ማለት ነው፣ አለቀ። ለታናሽ ወንድሟም ይህንኑ እጁን ይዛ አስተማረችው፣ ድሮ ፊደል እንዳስቆጠረችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ሚስት አግብቶ፣ ጺም አብቅሎ እንኳ እሷ ዘንድ ዛሬም «ማሙሽ» ነው።

ማሙሽ ምላሱ ቅቤ ነው። አንድ ነገር ስትጠይቀው አፉን ሞልቶ «እታለም ትሙት!» ይላል። በሌላ አይምልም፤ በእሷ ብቻ። እሷም ደስ ይላታል፣ ምን ታድርግ! ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነው ብላ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የደወሉት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ዛሬም «ሲስተር» ይላቸዋል።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ቀዩ ከፋይ ነጩ ጠርዝ ላይ ደማ። ሰው የታረደበት ነው የሚመስለው። ነይና እይልኝ።»

እታለም ከመነሳቷ በፊት ወንድሟ ጋ ደወለች። «የሲስተርን ሶፋ ሞክረኸዋል?»

«እንዴ! እታለም ትሙት፣ እስኪደርቅ ጠብቄያለሁ። ሄደሽ ክሩን እዪዋ። ይልቅ አሮጊቷ ራሳቸው የሆነ ነገር ደፍተውበት ይሆናል።»

ይህን ሰምታ ልቧ ሞልቶ ሄደች።

የሲስተር ሳሎን ጠባብ ነው፤ ሶፋው ግማሹን ይዞታል። ነጩ ጠርዝ ዙሪያውን ሮዝ ሆኗል፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ ቀለሙ እየወረደ እየወረደ ደርቋል። ሲስተር በገዛ ሶፋቸው ላይ መቀመጥ ጠልተው ከኩሽና ወንበር አምጥተዋል።

እታለም ተንበርክካ ሶፋውን ከግድግዳው ሳብ አደረገችው። ክሩ አለ። ነጭ፣ ጥብቅ ብሎ የተቋጠረ። እፎይ አለችና ሽንጧን ገትራ ትከራከር ጀመር። «ይኸው ሲስተር፣ ክሩ! ተሞክሯል ማለት ነው። ጥፋቱ የጨርቁ ነው፤ ሲሠሩት ቀለሙን በደንብ አላስያዙትም። ወንድሜ ሳይሞክር ክር አያስርም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ አውቀዋለሁ።» ከዚህ ቀደም ወንበሩ የተበላሸበት ጸጉር አስተካካይ ሲጮህባትም ያለችው ይህንኑ ነበር። ሶፋቸው ለተበላሸባቸው ሽማግሌ መምህርም እንደዚሁ። እሳቸውማ ክርክርም አላበዙ፤ «እግዜር ይይላችሁ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሲስተር እስክትጨርስ ጠበቋት። «እኔ ዕድሜ ልኬን መርፌ ስወጋ ነው የኖርኩት» አሉ። «ሳይሞከር የማይወጋ መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ክንዱ ላይ ጠብታ ታስገቢያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ። የተሞከረ ቆዳ ደግሞ ምልክት አለው። እስቲ የዚህን ምልክት አሳዪኝ።»

«ክሩ ነዋ ምልክቱ።»

«ክሩማ የወንድምሽ ነው። የውሃው የታለ?»

እታለም ፈገግ ብላ ጎንበስ አለች። የሶፋ ጀርባ፣ ግድግዳ የሚጋርደው፣ አይታጠብም፤ ስለዚህ አቧራ ለብሷል። ጠብታ ነክቶት፣ በጨርቅ ታሽቶ ቢሆን በአቧራው መሀል የሳንቲም ያህል ንጹሕ ቦታ መታየት ነበረበት። ጣቷን ክሩ ሥር ሰደደች። አቧራው እንዳለ ነው። ክሩ የተቋጠረው አቧራው ላይ ነው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

አላመነችም። ማን ያምናል! ነጭ መሀረቧን አወጣች፤ ሲስተር ባቀበሏት ብርጭቆ ውሃ ነከረችና ክሩ አጠገብ አሸት አደረገችው። አንዴ ብቻ። መሀረቡ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሕፃን ልጅ ቢሞክረው እንኳ ያየው ነበር።

ክው አለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሷ ደግሞ ይህን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምራ በእጇ ነው ያበላችው። የመምህሩ ድምፅ መጣባት። ስንት ቤት ገብታ በዚህ ክር ተከራከረች? ስንቱን ሰው በገዛ ቤቱ ውሸታም አደረገችው?

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እሱን ልጥራው። እኔ እስክጠይቀው ድረስ ምንም አይበሉ።»

«እኔ ምን እላለሁ፣ ልጄ!» አሉ ሲስተር።

ማሙሽ የሥራ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ እየሳቀ ገባ። ለሲስተር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ሶፋውን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «አይ የዘንድሮ ጨርቅ!»

እታለም መሀረቡን ጨብጣ እጇን ከኋላዋ አድርጋለች። ልቧ እየለመነው ነበር። «ቸኩዬ ነው፣ እታለም» ብቻ ይበላት እንጂ ይቅር ልትለው ተዘጋጅታለች።

«ማሙሽዬ፣ ይሄን ሶፋ ሞክረኸዋል? ረስተኸው ከሆነ ንገረኝ። ሰው ነህ፣ ትረሳለህ።»

«ምን እረሳለሁ! ክሩን አላየሽም እንዴ?»

«ክሩን አይቻለሁ። እኔ ስለ ክሩ አይደለም የጠየቅኩህ።»

ትክ ብሎ አያት። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያሳደገችው እህቱ ፊት ቆሞ፣ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«እታለም ትሙት!»

ሲስተር ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ። እታለም እጇን ወደ ፊት አመጣችና መሀረቡን ዘረጋችው።

ማሙሽ መሀረቡን አየ፤ ሶፋውን አየ፤ ከዚያ የጫማውን አፍንጫ ማየት ጀመረ። «እታለም፣ እስኪደርቅ እኮ ጊዜ ይፈጃል... ሰዉ ደግሞ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ነው... ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም እኮ...»

«ብዙ ጊዜ?»

ማሙሽ ጺሙን ያክ ጀመር።

«ስንት ጊዜ ገደልከኝ፣ ማሙሽ?» አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ስለ ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ስጠይቅህ ገደልከኝ። ስለ መምህሩ ስጠይቅህ ገደልከኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ በኋላህ እየዞርኩ፣ አንተ የገደልከኝ ሴትዮ፣ እከራከርልሃለሁ!»

ቦርሳውን ከትከሻው አወረደችና የክሩን ጥቅልል አወጣች። ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ኪሷ ከተተችው።

«ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ሲስተር፤ የጨርቁ አይደለም። ሶፋዎን በአዲስ ከፋይ እናለብሰዋለን። አሁን ከዚህ ወጥቼ መምህሩ ቤት ነው የምሄደው።»

ማሙሽ ያኔ ነው የደነገጠው። ሮጦ በሩ ላይ ቆመባት፤ ልጅ ሳለ ሲያጠፋ እንደሚያደርገው የቀሚሷን እጅጌ ያዘ። «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ እታለም! ከእንግዲህ እያንዳንዱን እሞክራለሁ! በእማዬ አፅም...»

«ተው!» አለችው፣ እጁን ከእጅጌዋ ላይ እያነሳች። «እማዬ አንዴ ሞታለች። ይበቃታል።»