ደንላፖች ምን ይላሉ?

...መንገዱን ነው የሚለው፣ መንገዱን፣ መንገዱን፣ አንዴ እንኳ አፉን ሞልቶ መቃብሩን አይልም፣ ሆይት ደንላፕ፣ የወረዳው ምክር ቤት ሰብሳቢያችን፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰቅሎ ካርታውን በእስክሪብቶ ቂጥ ይነካካል፣ ከድልድዩ እስከ ታችኛው ሰፈር አስፋልት ይሆናል ይላል፣ ጭቃ ቀረ ይላል፣ እኔም እዚሁ ጎኑ ተቀምጬ እሰማለሁ፣ ኦሬታ ደንላፕ፣ የአምስተኛው ቀጠና ተመራጭ፣ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ ፊቴ ተገትሯል፣ የሱም ሰሌዳ ደንላፕ፣ የወንድሙ ልጅ የማርላም ደንላፕ፣ የኔም ደንላፕ፣ ሰሌዳውን ብቻ ያየ ሰው ለገና ራት የተሰበሰብን ዘመዳሞች ነው የምንመስለው። ፊታችንን ካላየ ነው እንግዲህ። የሱ ቅድመ አያት የኔን ቅድመ አያት ናቼዝ ከባሪያ ገበያ ገዝቶ አመጣው፣ ከብት ላይ እንደሚደረገው ስሙን መታበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለን።

ዝናቡ ጀመረ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ያንጣጣዋል። አክስቴ ዚኦላ የኋላ ወንበር ላይ የቤተ ክርስቲያን ኮፍያዋን ደፍታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ማን ይሰርቀኛል ብላ እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ጠዋት መኪና ውስጥ ምን ልበል አክስቴ አልኳት፣ ያሻሽን በይ ልጄ፣ ብቻ አንቺው ራስሽ በይው፣ አለችና መስኮቱን ማየት ቀጠለች። ምን ማለት ነው ራስሽ በይው? ማን ይልልኛል ታዲያ?

አውቃለሁ ምን ማለቷ እንደሆነ።

እዚህ ወረዳ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ፊት አያይም፣ ደንላፕ የሚል ካየ ምልክት ያደርጋል፣ አባቱም እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ ዳኛውም ደንላፕ፣ ሸሪፉም ደንላፕ፣ ወንድሜ ከርቲስ ነው ይህን ያሰበው፣ እቱ ፎቶሽን እንዳትለጥፊ አለኝ፣ ሰማያዊ ላይ በነጭ ደንላፕ ብቻ ብለን እንሰቅላለን፣ እንደ ሆይት፣ ኮረብታ ላይ ያሉት ነጮች የሆይት አክስት ናት ብለው ይመርጡሻል፣ ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ እውነትም መረጡኝ። ቃለ መሐላ ልፈጽም የገባሁ ዕለት ፊታቸውን ባያችሁት! አንዱ የመኖ ነጋዴ ሽማግሌ ደጅ ላይ ጠበቀኝና ለሆይት ምኑ ነሽ አለኝ፣ ምኑ እንደሆንኩ እሱን ይጠይቁት፣ አልኩት፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሆይት ግን አልተናደደም፣ ወንበሬን ሳበልኝ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ዘመዴ አለኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

የዚያን ዕለት ነው የተበላሁት። ጸሐፊዋ ዋንዳ ስም ስትጠራ ደንላፖችን አንድ በአንድ አትጠራም፣ ከድሮም እንዲህ ነው፣ ደንላፖች ምን ይላሉ? ትላለች፣ ሆይት ቀና ሳይል ይደግፋሉ ይላል፣ ሦስት ድምፅ ተጻፈ፣ አለቀ። ስለ ጠጠር ነበር፣ ስለ ውሻ ማጎሪያው፣ ስለ ሣር ማጨጃው ግዢ፣ ለሣር ማጨጃ ብዬ ልጣላ? ዝም አልኩ፣ በሚቀጥለውም ዝም አልኩ፣ ከዚያ ልማድ ሆነ፣ ዛሬም ዋንዳ እስክሪብቶዋን ይዛ ያንኑ ልትል ነው፣ ሌሎቹ ሁለት ተመራጮች ፒኬትና ሲምስ እንደሚቃወሙ ጠዋት ለጋዜጣው ተናግረዋል፣ ለመቃብሩ አዝነው አይደለም፣ ወጪው ከብዷቸው ነው፣ እንግዲህ ሁለት ለሁለት ናቸው፣ ነገሩ ያለው እኔ ምላስ ላይ ነው። ጌታዬ ሆይ።

እሺ ልል ነው የመጣሁት። ልዋሽ አልችልም፣ ለራሴ እንኳ፣ እሺ ልል ነው። ባሌን ሌስተርን ጭቃው ነው የገደለብኝ፣ ሊመሽ ሲል በረንዳው ላይ ደረቱን እያሸ ምንም አይደል ኦሬታ፣ ጋዝ ነው፣ ዓሣው ነው የረበሸኝ ይለኛል፣ ላቡ ግን በአንገቱ ይወርዳል፣ ደወልኩ፣ አምቡላንሱ መጣ፣ መጣ እኮ፣ ከበረንዳዬ መብራቱ ይታየኛል፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ድልድዩ አጠገብ ጎማው እስከ ወገቡ ጭቃ ገብቶ እዚያው ይሽከረከራል፣ ሰዎቹ ቃሬዛውን ተሸክመው በእግራቸው እየወደቁ እየተነሱ ሲደርሱ ባሌ በአረንጓዴዋ ኩባያ ሻዩን ጠጥቶ ጨርሶ ነበር፣ እጁ እጄ ላይ ነበር፣ ቀዝቅዞ ነበር። ይህን የቀመስኩ እኔ ነኝ አስፋልት አልፈልግም የምለው? ታችኛው ሰፈር ያሉት አሮጊቶች ሁሉ፣ አክስቴ ራሷ፣ ልቧ እንደልቧ አይደለም፣ ሐኪሙ ነግሮኛል።

ግን በዚያ ብቻ ነው ወይ መንገድ የሚያልፈው! መሐንዲሱ መጀመሪያ በሆይት የፒካን ለውዝ ዛፎች መሐል ነበር የቀየሰው፣ ደረቅ መሬት፣ ቀጥ ያለ፣ ሆይት ዛፎቼን እናቴ ነች የተከለቻቸው አለ፣ መስመሩ ታጥፎ መቃብራችን ላይ ወጣ። የሱ እናት ዛፍ ተከለች፣ የኛ እናቶች እዚያ ተተከሉ። ልለምነው ቤቱ ሄድኩ፣ ሚስተር ሆይት፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ገፋ ቢደረግ አልኩ፣ በረንዳው ላይ ጣፋጭ ሻይ በበረዶ ቀዳልኝ፣ ኦሬታዬ፣ በዚህ በኩል ነው ወይም ጨርሶ የለም፣ ምረጪ አለኝ፣ በፈገግታ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሻዩን ጠጣሁለት።

አሁን ደግሞ ምን እንደሚል ስሙት፣ የሟች ሌስተርን አጽም በወረዳው ወጪ በክብር እናዛውራለን፣ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ስላለው፣ የቀሩትን በተመለከተ ግን ማንነታቸው አይታወቅም፣ ስንት እንደሆኑም አይታወቅም፣ ስማቸውም በየትም የለም። የለም? መቃብሩ ላይ ከጥዱ ሥር ያሉት ስም የሌላቸው የሜዳ ድንጋዮች አይናገሩም፣ እሺ፣ ግን ኩባያዎቹ አሉ፣ ሰው ሲሞት መጨረሻ የጠጣበትን ኩባያ ቂጡን ሰብረን መቃብሩ ላይ እንደፋለን፣ የሞት ሰንሰለት እንዲሰበር ነው ትላለች አክስቴ፣ አንዱ ሟች ሌላውን እንዳይጎትት፣ ልጅ ሆኜ እየመራች ታሳየኝ ነበር፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው የእናቷ፣ እጀታ የሌለው የአያቷ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የማን ነው ስላት የኛው ነው ትላለች። የሌስተርን አረንጓዴ በመዶሻ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስማቸው አይታወቅም ትላለህ እንዴ? የሁሉም ይታወቃል፣ ደንላፕ ነው፣ እናንተው ናችሁ የሰጣችኋቸው!

አልጮኽኩም። ከንፈሬን ነክሻለሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ማርላ አየችኝ፣ ከረሜላ ገፋ አደረገችልኝ፣ ክፉ ልጅ አይደለችም። እሺ በይ ኦሬታ። የሞቱት ሞተዋል፣ የቀሩት ይዳኑ፣ ሌስተርም ቢሆን ይሄን ነው የሚለው፣ እሺ በይና ጨርሺ።

ዋንዳ ጉሮሮዋን ጠራረገች። በአጀንዳ ተራ ቁጥር ሦስት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጣል፣ ደንላፖች ምን ይላሉ?

ይደግፋሉ፣ አለ ሆይት። ካርታውን ማጠፍ ጀምሯል። ወደኔ አልዞረም፣ በክፋት አይደለም እኮ፣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ መዞር ስላላስፈለገው ነው፣ ቅድመ አያቱም እንዲህ ነበር የሚላቸው መሰለኝ፣ ደንላፖች ያርሳሉ፣ ደንላፖች ይለቅማሉ፣ የዋንዳ እስክሪብቶ ወረደ፣ አንድ፣ ሁለት፣

አንድ በአንድ ይጠራ።

ማነው ያለው? እኔ ነኝ። ድምፄ ነው።

ምን አልሽ ዘመዴ? አንድ በአንድ ይጠራ አልኩ ሚስተር ሆይት። ከመቼ ወዲህ ነው ኦሬታ? ከዛሬ ወዲህ። ፒኬት ሳል ይዞት ነው ወይስ ሳቅ፣ ዋንዳ ሆይትን አየች፣ ሆይት እጁን አወናጨፈ፣ ጥሪያት በቃ፣ ምን ቸገረን፣ እሷ ደስ ይበላት።

ሆይት ደንላፕ። እደግፋለሁ። ማርላ ደንላፕ። እደግፋለሁ።

ኦሬታ ደንላፕ።

እዚህ ክፍል ውስጥ ስሜ ሙሉውን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እሺ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ናት፣ ተዘጋጅታለች፣ ከሌስተር ሞት ጀምሮ ተዘጋጅታለች፣ ግን እነዚያ ከጥዱ ሥር ያሉት አንዳቸውም ተጠርተው ተጠይቀው አያውቁም፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ምን ትላለህ፣ ምን ትያለሽ፣ ያላቸው የለም፣ ዛሬ በነሱ ስም የተጠራሁ እኔ ነኝ፣

እቃወማለሁ።

ወጣ። ፒኬት እቃወማለሁ፣ ሲምስ እቃወማለሁ፣ ሐሳቡ ወደቀ፣ ሆይት መዶሻውን በቀስታ መታ፣ እንግዲህ ጭቃሽን ያዢ ኦሬታ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ብቻ ሰማሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስታ የለም፣ አፌ ውስጥ አፈር አፈር ይለኛል፣ ምን አደረግሁ፣ ለሞቱት ብዬ በሕይወት ያሉትን፣ ኧረ ተይ፣ አሁን አይደለም።

ዝናቡ ጠንክሯል። አክስቴ ተነስታለች፣ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዘች በመተላለፊያው ወደኔ ትመጣለች፣ ኮፍያዋ ወደ አንድ በኩል ዘሟል፣ እየሳቀች ነው፣ ጥርስ የሌለውን ድዷን አሳይታ ትስቃለች፣ ራስሽ አልሽው ልጄ ትላለች፣ እሰይ፣ ራስሽ አልሽው፣ መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። እጇ ከጡቷ ሥር ገባ። ከንፈሯ ላይ ላብ አየሁ።

ምነው አክስቴ? ምንም አይደል፣ ትላለች፣ ጋዝ ነው፣ ቁርሴ ነው የረበሸኝ፣ ነይ ወደ ቤት ውሰጂኝ።

ውጭው ውሃ በውሃ ሆኗል። ድልድዩ አጠገብ ጭቃው አሁን እየቦካ ነው።