አራተኛው ድንጋይ

ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ከእጄ አስቀያሚ ሰው ወጥቶ አያውቅም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ወይም ይምሰላችሁ፣ እውነት ነው። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ነው። ያኔ ሪታች፣ ፎቶ ማሳመሩ ማለት ነው፣ የሚሠራው ኔጋቲቩ ላይ በምላጭና በሹል እርሳስ ነበር። ብጉር ይጠፋል፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረት ይነሳል፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ዘበኛ ቆሞ ከተገኘ እሱም ይሄዳል። ደንበኛው ይህን አጥፋልኝ ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። እኛ አይተን እናጠፋለን፣ እሱም እንዳላየ ሆኖ ይወስዳል። አሜሪካ ስመጣ ምላጩ በኮምፒውተር ተተካ እንጂ እጄ ያው ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ የሰው ፊት አምጥቶልኝ የማያውቅ አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ነበር። አላስካ ሰሜን ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት አገር፣ አራት ድንጋዮች አሉት። በየአስር ዓመቱ እየሄደ በአንድ ካሜራ፣ ከአንድ ቦታ ያነሳቸዋል። በ2001 ፊልሙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። አራተኛውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ወስዶ ብዙ ካየው በኋላ፣ “ይኼኛው ንጹሕ ነው” አለና ፈገግ አለ። አንድ ቅጂ ፈርሞ ሰጠኝ፤ ከሙሽሮች ፎቶ መካከል ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ኔጋቲቮቹንም ቤቴ ይረጥባል ብሎ እኔ ዘንድ አስቀመጣቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተ።

ሥራውን የወረሰችው ተማሪው ቢሌን ናት። የካስትሮ ቫሊው ወዳጄ የተኽላይ ልጅ ስለሆነች በእጄ ያደገች ያህል ነው የማውቃት። በ2011 ተራው ደረሰ፤ እሷ ግን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረችና ሐኪሟ በትንሽ አውሮፕላን አትበሪም አላት። የሥራ ባልደረባዋ በፕሮፌሰሩ ካሜራ አንስቶ ፊልሙን በፖስታ ላከላት፣ እሷም ለእኔ አመጣችው።

አጠብኩት። ሦስቱ ድንጋዮች ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው በጭንቅ ይታያሉ፤ እነሱን ምንም ላደርጋቸው አልቻልኩም። አራተኛው ግን ያምራል። ከግራ በኩል አንድ ቅርንጫፍ ገብቶ ቅጠሉን ጥሎበት ባይሆን ኖሮ እንከን አልነበረውም። ንፋስ ያመጣው መሰለኝ። ልጅቷ ደክሟታል፣ ደስ ይበላት አልኩና ቅርንጫፉን አጠፋሁት። አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሐሙስ ልትወስድ መጣች። ሦስቱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። አራተኛውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

“ጋሼ፣ ስቲል ክሊን። አልደረሰበትም።”

“ምኑ?” አልኳት።

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያስረዳችኝ። ፕሮፌሰሩ ሠላሳ ዓመት የተከታተለው ድንጋዩን አልነበረም፤ ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፈውን ግራጫና ቢጫ ነገር ነው። ላይከን ይሉታል። ሥር የለውም፣ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም፣ ብርሃን ካገኘ ግን ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። አሁን አገሩ ሲሞቅ ቁጥቋጦው እየበዛ፣ ዳገቱን እየወጣ፣ ጥላውን ይጥልበታል፤ ቅጠሉን ያራግፍበታል። ላይከኑም ከሥር ታፍኖ ይሞታል። አራተኛው ድንጋይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው።

“ቅዳሜ ሳን ሆዜ ኮንፈረንስ ላይ ፕረዘንት አደርገዋለሁ” አለች። “ሁሉም ባድ ኒውስ ነው የሚያወራው። እኔ አንድ ጥሩ ነገር አለኝ።”

ቅርንጫፉን ማጥፋቴን ሳልነግራት፣ እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ሸኘኋት። እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ።

ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። ቅዳሜ ጠዋት ያልተነካውን ፎቶ አትሜ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። ከአዳራሹ በር ላይ አገኘኋትና ፖስታውን ሰጠኋት።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“እውነተኛው ነው። ያኛውን ሪታች አድርጌዋለሁ።”

“ዋይ? ለምን?”

“ቅርንጫፉ ፎቶውን አበላሸው ብዬ ነዋ፣ ልጄ።”

ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቅርንጫፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ “ጋሼ፣ የፕሮፌሰሩንስ?” አለችኝ። “የ2001ዱን ነክተውታል?”

“አላስታውስም።”

ውሸት አልነበረም። እጄ ሳያስፈቅደኝ ነው የሚሠራው። እሷ ገብታ እውነተኛውን አሳየች፣ ጥሩ ዜናዋን ሳትናገር ቀረች። እኔም ከኋላ ቆሜ ሰማኋት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። የፕሮፌሰሩን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩና መስታወቱን አወጣሁ። ኔጋቲቩን ከካርቶኑ ፈልጌ መብራት ሳጥኑ ላይ ዘረጋሁት፤ ማጉያ መነጽሬን አስጠግቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አየሁ። ፎቶው ላይ ግራ ጥግ በኩል ራቁቱን የቀረ ድንጋይ አለ። ኔጋቲቩ ላይ ደግሞ ቅጠል አለ።

በጣም ጥሩ ሥራ ነበር። የፕሮፌሰሩ ዓይን እንኳ አላየውም። ያ ሰው እዚያ መስኮት አጠገብ ንጹሕ ነው ብሎ ፈገግ ያለው በእኔ ሪታች ነው። ያንን ይዞ ነው የሞተው። ቁጥቋጦው አራተኛው ድንጋይ ዘንድ የደረሰው አሁን አይደለም፤ ከአስር ዓመት በፊት ነው። እኔ ባልደብቀው ኖሮ በዚያው ዓመት ይታወቅ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስልኩን አነሳሁ።

“ቢሌን፣ በ2001ም ነበር።”

ትዘጋብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

“ስንት ቅጠል?” አለች።

“ትንንሽ ናቸው፣ እንዲያው ጥግ ላይ…”

“ጋሼ፣ ስንት? ካውንት ያድርጉልኝ።”

መነጽሩ በእንባ ደብዝዞ ስለነበር በሸሚዜ ጠረግኩት። አርባ ዓመት የሚጠፋ ነገር ስፈልግ የኖርኩበትን ዓይን አጎንብሼ አስጠጋሁ።

“ሦስት” አልኳት። “ቆይ። አራት ናቸው። አንዱ ወድቆ ላይከኑ ላይ ተኝቷል።”

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

“እሺ” አለች። “ይቀጥሉ።”