እህቴ ካልገባት

«ኧረ እትዬ፣ እባክዎ ፉት ይበሉ» አለች ጎረቤቷ፣ ሻይ እያቀበለች።

እትዬ ስኒውን ተቀብላ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። ታናሽ ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ከዓይኗ ግን አንዲት ዘለላ እንባ ጠብ አላለም። ወንድሟ የነርስ አስተማሪዎችን ማስተማር የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ «አቤት ማስረዳት ሲችልበት!» ይላል። ይሄኔ እሷ አንገቷን ትደፋለች። ውስጧን የሚበላው ሌላ ነገር ነበራ!

ስንት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ሲመለስ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። «እታለም፣ ዛሬ ስለ ኩላሊት ነው።» ፊደል ላልቆጠረች ሴት ኩላሊት! ትሰማ ትሰማና «አልገባኝም» ትለዋለች። ይደግምላታል። አሁንም አልገባትም። እሱ ደብተሩ ላይ ይጭራል፤ እሷ ድንቁርናዋን የሚመዘግብ እየመሰላት ትሸማቀቃለች። አንድ ቀንማ ብሶባት «እኔን ድንጋይ ራስ ተወኝና ለሚገባው ንገር!» ብትለው ከት ብሎ ሳቀ። ደደብ ናት እንዳለ ሞተ፤ የሚያብሰለስላት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ወጣት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ነርስ ማሠልጠኛ ገና የተቀጠረ አስተማሪ ነው።

«እህታቸው እርስዎ ነዎት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥልጠናው ላይ ሁሌ ያነሱዎት ነበር።»

ክው አለች። «ምን ብሎ?»

«‹መጀመሪያ ለእህቴ አስረዳለሁ፤ እሷ ካልገባት ጥፋቱ የእኔ ነው› ይሉን ነበር። ደብተራቸውንም አሳይተውናል፤ ‹እዚህ ጋ ግንባሯን ቋጠረች› ብለው ጽፈው የራሳቸውን ንግግር ሰርዘዋል። ‹ሰው ሳይገባው ገባኝ ይላል፤ እንደ እህቴ የማያስመስል ፈልጉ› ብለውናል።»

እትዬ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«አንተስ አገኘህ?»

«እኔማ ነገ የመጀመሪያ ክፍሌ ነው። እሳቸው ሊሰሙኝ ነበር…» አለና አፈረ።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ በዚህ ሐዘን…»

«ስለ ምንድን ነው አልኩህ!»

«ስለ ደም ግፊት።»

ጀመረ። ልብ ስትኮማተር አለ፣ የደም ሥር ግድግዳ አለ፤ ላብ አጠመቀው። እትዬ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ቆይ» አለች። «ግድግዳ ያልከው የቱን ነው?»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያለው እንባ ዱብ ዱብ አለ። ወጣቱ ደንግጦ ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ቁጭ በል። እንደገና ንገረኝ፤ እዚህ ላይ አሳየኝ።»

እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።