ለአባ እንዳለው የተሰጠ አካፋ

አያ አራጌ አካፋውን ሲያቀብሏቸው አባ እንዳለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጎንበስ ብለው ትንሽ አፈር ዛቁ፣ ወደ ጎን ጣል አደረጉና ቀና ብለው ፈገግ አሉ። ከዩኒቨርሲቲው አብሯቸው የመጣው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ቢኒያም ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሳቸው። አባ እንዳለው ጭብጨባ ጠበቁ። ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ደለል የዋጣቸው ገበሬዎችም ቆመው ጠበቁ።

"ቀጥል እንጂ" አሉ አያ አራጌ።

"ምኑን?"

"ደለሉን ነዋ! ያንተ ድርሻ ከዚህች ድንጋይ እስከዚያች ግራር ነው።"

አባ እንዳለው ዙሪያቸውን ቃኙ። "ሪባኑስ የት ነው?"

"የምን ሪባን?"

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሮቢት ወጣ ብሎ ያለው የአባታቸው ማሳ የሚጠጣው ከደጋ በሚወርድ ጎርፍ ነው። ጎርፉ በዚህ ቦይ ተጠልፎ በየተራ ለየማሽላው ይደርሳል። ሐምሌ ሳይገባ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ደለሉን ይጠርጋል። ሰው ያላወጣ ቤት የውሃ ተራው ያልፈዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትወጣ የኖረችው ታላቅ እህታቸው ትርንጎ ነበረች። ዘንድሮ ክንዷ ተሰብሮ በጀሶ ስለታሰረ ደወለችላቸው። "አያ አራጌ ለቦዩ ሥራ ይፈልጉሃል፤ ቅዳሜ ና" አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የሥራ ልብስ ይዞ ይመጣ ነበር። አባ እንዳለው ግን የቅዱስ ዮስጦስ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ናቸው፤ ፕሬዝዳንት ለሥራ ሲፈለግ ለምረቃ እንጂ ለሌላ አይመስለውም። ስለዚህ አምስት ገጽ ንግግር ይዘው መጡ።

ጥሪው ደግሞ በደህና ጊዜ ነበር የደረሳቸው። በመጪው ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ተሰብስቦ ሥልጣናቸውን ለአራት ዓመት ያራዝማል፣ ወይም አያራዝምም። የመንገዳቸው ርዝመት ከታሰበ አለማራዘሙ ያሳዝናል። በልጅነታቸው ከሮቢት ተነስተው ደሴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎ ዘርዓ ክህነት፣ ቀጥሎ ሮም። ሮም ላይ ስለ አገልጋይ መሪነት አራት መቶ ገጽ ጽፈው ዶክተር ተባሉ። ፕሬዝዳንት ከሆኑ ወዲህ ሦስት ስትራቴጂክ ዕቅድ አስጽፈዋል፤ የኮሚቴዎችን ብዛት የሚያጠና ኮሚቴም አቋቁመዋል። ምስጋና የማያውቁ መምህራን ግን "ፕሬዝዳንቱን አግኝተናቸው አናውቅም" ብለው ለቦርዱ ጻፉ። ቦርዱም ሰው ለመምራታቸው ማስረጃ ጠየቀ።

ማስረጃው በቦርሳቸው ነበር። አውጥተው ለአያ አራጌ ሰጡ። "ማኅተም ብቻ ነው የቀረው" አሉ።

አያ አራጌ የቦዩ የውሃ አባት ናቸው። ተራ የሚመድቡት፣ የቀረውን የሚቀጡት፣ የውሃ ተጠቃሚዎቹን ማኅተም በኮት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ቀስ ብለው አነበቡ።

"'ኅብረተሰቡን በመምራት ቦዩን አስጠርገዋል' ይላል። ማንን መራህ፣ እንዳለው?"

"አጻጻፉ እንደዚያ ነው፣ አያ አራጌ። የተለመደ ነው።"

"እኛ ዘንድ የተለመደው ሌላ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ አፍ ላይ ያልተገኘ የውሃ አባት በማግስቱ ይሻራል። እናንተ ቤት ጎርፍ አይመጣም?"

"ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው።"

"የተማሪዎች መኝታ ቤት ጣራ በንፋስ ተነስቶ ነበር" አለ ቢኒያም፣ ካሜራውን እየጠራረገ።

"ያን ቀን የት ነበርክ?" አሉ አያ አራጌ።

"ናይሮቢ" አሉ አባ እንዳለው። "ንግግር ላይ።"

"ስለ ምን?" አለች ክንዷን እንዳሰረች ቦዩ ዳር የቆመችው ትርንጎ። ተንኮል የላትም፤ ስለ ወንድሟ ሥራ መስማት ትወዳለች።

አባ እንዳለው ነጭ ኮሌታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "መሪ ከሕዝቡ ስለመቅረቡ።"

ቦዩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤታቸው ሰልዋ ሆዷን ይዛ ደለሉ ላይ ተቀመጠች። "ወላሂ፣ ናይሮቢስ ቅርብ ነው!"

አያ አራጌ አልሳቁም። ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸው። "ይህን አላትምም። ሥራና የሠራኸውን እጽፍልሃለሁ።"

አባ እንዳለው መኪናቸውን አዩ። በዚህ መሃል ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በደህና እጇ አካፋውን አነሳች።

"ተወው፣ ወንድሜ። ልብስህም ይቆሽሻል" ብላ ወደ ቦዩ ወረደች። አንድ ጊዜ ዛቀች። ግማሹ መልሶ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛ ልትዝቅ ስትል ጀሶው ከአካፋው እጀታ ጋር ተጋጨና ከንፈሯን ነከሰች።

ቢኒያም ካሜራውን አነሳ።

"አስቀምጠው" አሉት አባ እንዳለው። ጫማቸውን አወለቁ።

በመጀመሪያው ሰዓት ሥራው በሦስት ንዑስ ቡድን ቢከፈል እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ። "ዛቅ" አሏቸው አያ አራጌ። በሁለተኛው ሰዓት መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ። በሦስተኛው ሐሳብ ማቅረብ ተዉ። ግራሯ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ ሰልዋ በጆግ ውሃ ሰጠቻቸው። "አይ አባ፣ ለካ ይችላሉ" አለቻቸው። ከሮም ከተመለሱ ወዲህ ያለ ኮሚቴ የተሰጠ የመጀመሪያው ምስክርነት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አያ አራጌ ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው ጻፉ፣ ቀደዱ፣ አተሙ፦

"እንዳለው ድርሻውን ከድንጋዩ እስከ ግራሩ ጠርጓል። የታዘዘውን ሠርቷል። ማንንም አልመራም። የውሃ ተራው የእህቱ ነው።"

አባ እንዳለው ሐሙስ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ቦርዱ ፊት ቀረቡ። ማኅተም ያለው አንዱ ብቻ ስለነበር እሱን ሰጡ። ሰብሳቢዋ ሲስተር ጮክ ብለው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው የፕሬዝዳንቱን መዳፍ አዩ፣ ከዚያም ድምፅ አሰጡ። ቦርዱ አራቱን ዓመት ከልክሎ አንድ ዓመት ሰጣቸው። በሐምሌ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ የትርንጎ ማሳ በተራው ጠጣ።