ቁጥር የሌለው ደብተር

ልጅቷ ፈተናዋን በከፍተኛ ውጤት ስታልፍ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደስ አለው፤ ለእሷ ግን ፊደል ጠላት ሆነባት። ሁለት ዓመት ሙሉ እያሰመረች ስትሸመድድ ከርማ፣ አሁን መጽሐፍ ስትገልጥ ዓይኗ መስመሩ ላይ ይሄዳል እንጂ ልቧ አይከተለውም። ዩኒቨርሲቲው ሲጠራት አንድ ዓመት ልቆይ አለች። እናቷ ዓመት እንደ ዳቦ ተሸፍኖ አይቀመጥም ብላ ተቆጥታ ተቆጥታ በኋላ እሺ አለች። ልጅቷ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር፤ ዓመቱ እስኪያልቅ የማንበብ ፍቅሯ ካልተመለሰላት የዩኒቨርሲቲ ቦታዋን ልትለቅ ቆርጣለች።

አጎቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ዓመቱን እሱ ዘንድ ልትሠራ ሄደች። "ፕሮፌሰር መጣች" ብሎ ወስፌና ክር ሰጣት። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ጠራዥ አያነብም። "ጠራዥ የገጹን እግር ያያል እንጂ ፊቱን አያይም" ይላል። ከግርጌ ያለውን ቁጥር እያየ ይደረድራል፣ ይሰፋል፣ ሙጫ ይቀባል፤ በቃ። ሕጉ ለእሷ እፎይታ ሆነላት።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። የአርባ ዓመት ማስታወሻቸው ነው፤ ደብተሩ ተበታትኖባቸዋል፣ ዓይናቸውም ከድቷቸዋል። ለልጅ ልጃቸው አስጠርዘው ሊሰጡ ፈልገዋል። አጎት አገላብጦ ቁጥር ቢያጣ፣ ይሄማ እግር የለውም፣ አይሆንልኝም አላቸው። አዋላጇ ፌስታሉን ቀስ ብለው መልሰው ሲያስሩ ልጅቷ አንጀቷ አልቻለም። እኔ እያነበብኩ እደረድረዋለሁ አለች። ካፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች።

የመጀመሪያው ቀን እንደፈራችው ሆነ፤ እርሳስ ይዛ ለፈተና የሚወጣውን ስትፈልግ ዋለች። በማግስቱ፣ ሚስቱ ልትወልድ ስትል እሱን ምጥ የያዘው ይመስል አልጋዋን ቀምቶ የተኛ ባል አገኘችና ብቻዋን ሳቀች። እርሳሱ የት እንደወደቀ አላወቀችም። በሦስተኛው ቀን መንታ ያረገዘች ሴት ታሪክ ላይ ደረሰች። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፤ የመጀመሪያው ልጅ ወጥቶ አለቀሰ፤ ሁለተኛው ወጣ፣ ግን ዝም አለ። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ቀጣዩ የለም።

ፌስታሉን ገለበጠች፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ዘረገፈች። ምሳ ቀርቦላት አልነካችም። በመጨረሻ አጎቷን ስትጠይቀው ማጅራቱን አከከ። ጠዋት ለአንድ ትልቅ የካርታ መጽሐፍ ጀርባ ማጠንከሪያ ወረቀት ቢያጣ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ነጠላ ገጽ አንስቶ ለጥፎበታል። ቁጥር ስለሌለው ውዳቂ መስሎታል።

"ጋሼ፣ ክፈተው።"

"ያለቀ ሥራ? ነገ በጠዋት ባለቤቱ ይመጣል እኮ።"

"ሁለተኛው ልጅ እዚያ ውስጥ ነው።"

አጎት ፊቷን አየና ቢላውን አነሳ። ሙጫው ገና በቅጡ ስላልደረቀ ወረቀቱ ሳይቀደድ ተላቀቀ። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ወስዳው ቆማ አነበበች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀጥሎ ምን ይሆን ብላ ገጽ ገልጣ አታውቅም ነበር። ቦታዋን ለማንም እንደማትለቅ ያን ጊዜ አወቀች።

"እህሳ?" አለ አጎት፣ ቢላውን እንደያዘ። "ልጁ ምን ሆነ?"

"አለቀሰ። ያውም ከወንድሙ አብልጦ።"

አጎት በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ።

"እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።"

አነበበችለት። የካርታው መጽሐፍ ጀርባው እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ዋለ፤ ሙጫው ብሩሹ ላይ ሲደርቅም ያየው አልነበረም።